ፋይሉ ብፌ ውስጥ ነበር፦ የአንዲት የ73 ዓመት እናት የጤና ምርመራ

ስለ አንዲት ጎረቤቴ ነው የምጽፈው። ስማቸውን አልጠቅስም፣ እማማ እያልኩ ልቀጥል። እኔ ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ይህ ጉዳይ ግን የመጣብኝ በሥራ ሳይሆን በጉርብትና ነው፤ እሳቸው ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ሁለተኛው ላይ ነን። እሳቸውም ልጃቸውም «ጻፊው፣ ለሌላው ይጥቀም» ብለውኛል።

እማማ ሙሉ ምርመራ ተደርጎላቸዋል። ብዙ ብር ወጥቶበታል። ችግራቸውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቁጥር ተጽፎ ነበር። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ያንን ቁጥር ያየው ሰው የለም፣ በአራተኛው ወር ወደቁ። መመርመር ሌላ፣ መከታተል ሌላ መሆኑ እኔ ራሴ በደንብ የገባኝ በዚህ ቤት ነው።

እማማና ቤታቸው

እማማ 73 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። የሚኖሩት ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ልጅቷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ወንዱ ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ በየወሩ ይልካል፣ ሲመቸው ይመጣል።

ብርቱ ሴት ናቸው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ቡናቸውን ራሳቸው ይቆላሉ፣ ከእድር አይቀሩም። «እንዴት ነዎት እማማ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ምንም አላመመኝ» ይላሉ። ሐኪም ቤት የሚሄዱት የታመመ ሰው ለመጠየቅ ነው።

ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም። ብዙዎቻችን ሐኪም ቤት የምንሄደው ሲያመን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት፣ ንጽሕናና ተላላፊ በሽታ ላይ ነበር። በጊዜው ብዙ ሰው የሚገድለው እሱ ስለነበር ተገቢ ነው። ግን ወልደው የጨረሱ፣ ልጆቻቸውን ያስከተቡ እናቶች ከዚያ በኋላ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው አላገኙም። ግፊት ደግሞ አያምም። ስኳርም ሲጀምር አያምም።

«ሙሉ ቼክአፕ»

ነሐሴ 2015 ልጃቸው ከአሜሪካ መጣ። ሊሄድ አራት ቀን ሲቀረው እናቱን አንድ የግል ሆስፒታል ወሰዳቸውና «ሙሉ ቼክአፕ» የሚባለውን አሠራላቸው። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ የልብ ምርመራ፣ ምን የቀረ አለ። እናቱን ስለሚወድ ያደረገው ነው፣ አንዲት ክፉ ቃል የለኝም።

ውጤቱ ተጠናቆ የወጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ልጅቷ ሄዳ ተቀበለች። ሐኪሙ ገጾቹን አገላበጠና «ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው፣ ግፊታቸውን ይከታተሉ» አላት፣ ቀጣዩ ሰው ተጠራ። የት እንከታተል፣ መቼ እንምጣ ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም። ፋይሉ 14 ገጽ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ማታ ወንድሟ ሲደውል «ሁሉም ደህና ነው አሉ» አለችው። እሱም እፎይ አለ። ፋይሉ ብፌ ውስጥ፣ ከጤና መድን መታወቂያው አጠገብ ገባ። ስለ መታወቂያው እመለስበታለሁ።

የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከስማቸው ሥር፣ የደም ግፊት 172/88 ይላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ክሪያቲኒን 1.4፣ ማለትም ኩላሊታቸው ትንሽ እንደደከመ የሚጠቁም ቁጥር። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 112፤ ከ126 በታች ስለሆነ የስኳር በሽታ አይባልም፣ ከ100 በላይ ስለሆነ ደግሞ ዝም አይባልም። ሦስቱም ያሉት እዚያው ፋይል ውስጥ ነው።

የታኅሣሥ ሌሊት

ታኅሣሥ 2016፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ጠፍቷል። እማማ ለሽንት ተነሡ፣ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጨለመባቸው፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጎረቤቱ ግማሹ «ወጌሻ ይየው» አለ። ልጅቷ ግን ሆስፒታል ወሰደቻቸው፣ ራጅ ተነሥቶ በጄሶ ታሰረ። ደግ አደረገች።

እኔ በማግሥቱ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሁሉም «ዳሌያቸው ቢሆን ኖሮስ! ተመስገን ነው» ይላል፣ እውነታቸውን ነው። ለምን ወደቁ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። መብራት ጠፍቶ ነው፣ አርጅተዋል፣ በቃ።

ልጅቷን ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ሳናግራት ሌላ ነገር ጨመረችልኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ እናቷ እየረሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ፍዝዝ ይላሉ። አንድ ቀን ሽሮ ጥደው ረስተውት ድስቱ ነድዷል። «ያው እርጅና ነው መሰለኝ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ፌስታሉ

«ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስቢልኝ» አልኳት። የሚውጡትን ብቻ አይደለም፤ ትራስ ሥር ያለውን፣ ፍሪጅ ላይ ያለውን፣ ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን፣ ብፌ ውስጥ ያለውን። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፈው እማማ ራሳቸው «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ።

ሁለት ስትሪፕ ዲክሎፌናክ አለ፣ አንዱ ተጀምሯል። ለጉልበታቸው ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዙ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውጣሉ። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሁለት ፋሲካ አልፎኛል» አሉኝ። በወረቀት የተጠቀለለ ሰባት ፍሬ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ። ይሄ የጎረቤት የግፊት መድኃኒት ነው፤ «ራሴን ሲያዞረኝ አንድ ትሰጠኛለች፣ እሷም ግፊት አለባት»። ግማሽ ላይ የተተወ አሞክሳሲሊን፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በጠርሙስ፣ ቫይታሚን። መጨረሻ ላይ ልጃቸው ያመጣላቸው ትልቅ ጠርሙስ የእንቅልፍ ኪኒን ወጣ። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ስላሉት ነው የገዛላቸው፤ እዚያ ማንም ሰው ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ የሚገዛው ነው። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ዳይፈንሃይድራሚን ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ዲክሎፌናክና ዘመዶቹ ሕመም ያስታግሣሉ፣ ግን ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጨጓራም አይቀርለትም። የጎረቤቷ ኪኒን ሽንት እያበዛ ውሃና ጨው የሚያስወጣ ነው፤ አንድ ቀን ተውጦ አምስት ቀን ሲተው ግፊቱን አያስተካክልም፣ የተዋጠ ቀን ግን ሰውዬው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል፣ ሌሊትም ለሽንት ያስነሣዋል። ከዲክሎፌናክ ጋር ሲደመር ደግሞ ኩላሊት ላይ ጫናው ይብሳል። የእንቅልፍ ኪኒኑ ወጣት ሰው ላይ ብዙም ላያስታውቅ ይችላል፣ ትልቅ ሰው ላይ ግን ያደነዝዛል፣ ያስረሳል፣ ሚዛን ያሳጣል። በዕድሜ ለገፋ ሰው አይሰጥም ተብለው ከሚመከርባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። እማማ ያን ሌሊት ይህን ውጠው ነው የተኙት። መርሳቱም የጀመረው ጠርሙሱ ከመጣ ወዲህ ነው። ቀኑን ከልጅቷ ጋር ቆጥረን አረጋገጥን።

አንዳቸውም በክፋት የገቡ አይደሉም። አንዱ የመጣው ከፋርማሲ፣ አንዱ ከጎረቤት፣ አንዱ ከልጅ ነው። አሥራ አራት ገጽ ምርመራ ያደረገላቸው ቤትም «ምን ይወስዳሉ?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

ግፊቱን እንደገና ስንለካ

መለኪያዬን ይዤ ወጣሁ። ስደርስ ቡና ላይ ናቸው፣ ሁለተኛውን ስኒ ይዘዋል፣ ጨዋታው ደርቷል። ለወጉ ያህል ለካሁ፣ 178/92። ይህን ቁጥር ግን ለምንም አልተጠቀምኩበትም። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ደገፍ፣ እግር መሬት፣ ክንድ በልብ ትይዩ፣ ወሬ የለም። እንደዚያ አድርገን በቀኝ እጃቸው ስንለካ 164/86 መጣ። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ለክተን ስናካፍለው 161/86 ሆነ። የላይኛው ቁጥር ከ140 በላይ ነው፣ ግፊት አለባቸው።

ከዚያ ደግሞ አስተኝቼ ለካሁ፣ ከዚያ አስቁሜ። ተኝተው 160፣ ቆመው አንድ ደቂቃ ሲሆናቸው 134። የላይኛው ቁጥር ሰው ሲቆም በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መውደቅ ይመጣል ብሎ መስጋት ነው። የእማማ በ26 ወረደ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ያን ሌሊት ምን እንደጣላቸው ግልጽ ያደረገልን ግን ይሄ ነው።

ጤና ጣቢያ

የጤና መድን መታወቂያው ያገለገለው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሙከራ የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ አዲስ አበባም አለ። እነ እማማ በየዓመቱ ይከፍላሉ። አንድም ቀን ግን አልታከሙበትም፤ «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» እያሉ። መታወቂያውን፣ ፋይሉንና ፌስታሉን ይዘን ሦስታችን ሄድን።

ጤና መኮንኑ ጊዜ ሰጣቸው። ፋይሉን ገጽ በገጽ አየ፣ ፌስታሉን አየ፣ እኔ የመዘገብኩትን የሳምንት ግፊት አየ። አዲስ መድኃኒት አልጀመረም። መጀመሪያ አነሣ። ዲክሎፌናክ ቆመ፣ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል በልክ ተሰጠ። የጎረቤቷ ኪኒን ለጎረቤቷ ተመለሰ። የእንቅልፍ ኪኒኑ ቀረ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለን።

በሁለት ሳምንቱ ግፊታቸው አማካዩ 152/82 ሆነ፣ ሲቆሙ የሚወርደውም 12 ብቻ። ጠዋት ጠዋት የነበረው መፍዘዝ ለቀቃቸው። ልጅቷ «እናቴ ተመለሰች» ያለችኝ ያኔ ነው። ከዚያ አምሎዲፒን በግማሽ ኪኒን፣ 2.5 ሚሊግራም ተጀመረ። በትልቅ ሰው ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኩላሊቱ ሲታይ ክሪያቲኒን 1.1 ገብቷል።

መድኑ ካርዱን፣ ምርመራውንና ላቦራቶሪውን ሸፈነ። አምሎዲፒን ግን ሁለት ወር ጤና ጣቢያው ውስጥ አልነበረም፣ ከውጭ በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። ይህ መታወቅ አለበት፤ የታዘዘ መድኃኒት ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ገዝቶ አይቀጥልም፣ ያቋርጣል።

ያልሠራው

ጨው ይቀንሱ ተብለው ነበር። ልጅቷ ለእናቷ ብቻ ለብቻ ድስት አልጫ መሥራት ጀመረች። እማማ ሦስት ቀን ለብቻቸው በሉ፣ በአራተኛው ቀን ከልጅ ልጃቸው ሳህን መቁረስ ጀመሩ። ትክክል ናቸው፤ ከአንድ መሶብ የኖረ ሰው ለብቻው ሳህን ቢቀርብለት እንደተቀጣ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ቤቱን በሙሉ አየን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ሦስት ሰው ባለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ሁለት ወር ማለፍ አለበት። እነሱ ጋ በወሩ ያልቃል። በዚያ ላይ በርበሬው ሲዘጋጅ ከጨው ጋር ነው የተፈጨው፣ ማንም አልቆጠረውም! ቀጣዩን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጩ፣ ወጡ ላይ የሚገባውንም በማንኪያ መለካት ጀመሩ። አሁን ኪሎው አንድ ወር ከሦስት ሳምንት ይሄዳል። እስካሁን ሁለት ወር አልሞላም፣ ግን ሁሉም ከአንድ መሶብ ይበላሉ።

«በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» የሚለውም አልሆነም። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም፣ ጉልበታቸው ያማል። በምትኩ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ አምስት ጊዜ፣ እጅ ሳይደግፉ። መጀመሪያ ሁለት ነበር የቻሉት። አሁን አሥር ይሠራሉ፣ የልጅ ልጃቸው እየቆጠረች።

ትልቁ ስህተት የኔ ነው። ስለ ጾም አልጠየቅኩም። መጋቢት 2 ዐቢይ ጾም ገባ፣ እማማም ኪኒኑን ጠዋት መውሰድ ተዉ። እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱማ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይረሱታል። አሥር ቀን ሆኖ ስለካቸው 168 ደርሷል። ልከራከራቸው አልሞከርኩም፣ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነገርኳቸው። እሳቸውም «መድኃኒት ጾም አይፈታም፣ ውሰጂ» አሏቸው። ከዚያ እኛም ሰዓቱን ወደ ማታ፣ ከእራት በኋላ አዞርነው። ዛሬም በዚያው ሰዓት ነው የሚወስዱት፣ ጾም ሆነ ፍስክ።

ቤቱና ዓይናቸው

ቤቱ ላይ የተሠራው ጥቂት ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የነበረው ምንጣፍ ተነሣ። አልጋቸው አጠገብ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ተቀመጠ። የሚንሸራተተው ነጠላ ጫማ ተጥሎ ሶሉ የሚይዝ ተገዛ። ሌሊት ሲነሡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «አቡነ ዘበሰማያት» ደግመው ነው የሚቆሙት። ይህን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ «አንድ ደቂቃ ይቀመጡ» ነበር ያልኩት።

ዓይናቸውን ያየነው ዘግይተን ነው። የቀኝ ዓይናቸው ላይ ሞራ ነበር፤ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳውን የሚይዙት ለጉልበታቸው መስሎን ነበር። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ካለው ዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው። ሰኔ 2016 ተነሣላቸው፣ በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ። በሳምንቱ ስወጣ የጸሎት መጽሐፋቸውን መስኮት ሥር ዘርግተው አገኘኋቸው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በቃላቸው ነበር የሚደግሙት፣ ገጹን እየገለጡ ብቻ።

ሌላ ቤት ላይ የሚሠራው

ከዚህ ጉዳይ እኔ አሁን በሥራዬም በዘመዶቼም ላይ የማደርገው ተለውጧል። ፌስታሉ ይቀድማል። ትልቅ ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ አብሮ ይሂድ፣ ከውጭ የመጣው፣ ከጎረቤት የተገኘው፣ የባህል መድኃኒቱም ጭምር። ለምርመራ የሚሆን ብር የሌለው ሰው እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል።

ግፊትን አንድ ቀን ለክቶ መፍራትም መጽናናትም አይገባም። ሳምንት ይለካ፣ ተቀምጦም ቆሞም። የወደቀ ሰው ሁሉ ደግሞ ስብራቱ ብቻ ታክሞ አይሸኝ። «ብድግ ሲሉ ነው ወይስ አደናቅፎዎት? ያን ማታ ምን ወስደው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በድንገት የመጣ መርሳትን እርጅና ነው ብሎ ከመተው በፊትም እንዲሁ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ምርመራ የምትከፍሉ፣ ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ ግን የሚከታተል ሰው ግዙበት። ሙሉ ቼክአፕ ከሚወጣበት ብር በጥቂቱ የክንድ ግፊት መለኪያ ይገዛል፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መለካት ይማራል፣ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ይኖራል። ከሻንጣው ውስጥ ደግሞ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ይቅር፤ ካልሆነ ሐኪም ሳያየው አይሰጥ።

የእማማ ልጅ አሁን እሑድ እሑድ ሲደውል «ደህና ናችሁ?» ብሎ አይጨርስም። ሳምንቱን ስንት ነበር፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን ይቀረዋል፣ ቀጠሮው መቼ ነው ይላል። እህቱ ከደብተር ታነብለታለች። ባለፈው እሑድ ያነበበችለት 136/78፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ጥቅምት 20 የግራ ዓይን።